አርፈሽ ተቀመጪ ሲሉኝ ወደ አምቦ ሄድኩ

ከአዲስ አበባ እስከ ሆለታ

ባለፈው ጥቅምት፣ ክረምቱ ለቆ መንገዱ ሲደርቅ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ትንሽ ሻንጣ ይዤ ወደ አምቦ ተነሣሁ። ለሽርሽር አልነበረም፤ ለቅሶም ሠርግም አልነበረብኝም። ዕድሜዬ አርባ ዘጠኝ ዓመት ነው። የሄድኩት ከልጅነት ጓደኛዬ ከጫልቱ ጋር ዳቦ ቤት የምንከፍትበትን ቤት ለማየት ነው። ሲነገር ቀላል ይመስላል። ለዘመዶቼ ለማስረዳት ግን ወር ሙሉ ደክሜ አልተሳካልኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከወጣትነቴ ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። አለቃ በአለቃ ሲቀየር፣ የጽሕፈት መኪናው ወጥቶ ኮምፒውተር ሲገባ፣ እኔ እዚያው ወንበሬ ላይ ነበርኩ። ከዚያ አዲስ መዋቅር መጣ ተባለና ከምደባው ቀረሁ። እንደ እኔ ያለውን ሠራተኛ «ተንሳፋፊ» ይሉታል። ይህን ቃል ለሰው ያወጣው ማን እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። የሚንሳፈፍ ውሃ ላይ የወደቀ እንጨት ነው። እኔ የአለቆችን ግድፈት ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝ። ሌላ ሥራ ፍለጋ ስወጣ ደግሞ ማስታወቂያው ሁሉ «ዕድሜ ከሠላሳ አምስት ዓመት በታች» ይላል። ጡረታ ልውጣ ስል ገና ነሽ፣ ልሥራ ስል አልፎብሻል። በመሃል ያለውን ዘመን የት ተቀምጬ እንድጨርሰው እንደታሰበ የነገረኝ የለም።

ዘመድ ሁሉ አንድ ቃል ተመካክሮ የመጣ ይመስል «አሁንማ እረፊ» አለኝ። ልጄ ሜሮን ከሁሉም ባሰች። «እማዬ፣ ብዙ ለፍተሻል፤ አርፈሽ ተቀመጪ» አለችኝ። በእኛ ቋንቋ ይህ አነጋገር ለሚረብሽ ልጅም እንደሚነገር የዘነጋች አልመሰለኝም። እግረ መንገዷን ደግሞ ሁለት ዓመት የሞላውን ልጇን፣ ናታንን፣ ቀን ቀን እኔ ዘንድ ማዋል እንደሚቻል ጣል አደረገች። ከአምቦ ስመለስ እንነጋገራለን ብያት ወጣሁ።

የመንገዱን ሰላም መሆን አጠያይቄ አስኮ መናኸሪያ ደረስኩ። የአምቦው መኪና ረዳት «ማዘር፣ ከኋላ ይመችሻል» ብሎ ወደ መጨረሻው ወንበር መራኝ። ለእኔ ሳይሆን ለእሱ እንደሚመቸው ስለገባኝ ከፊት ተቀመጥኩ። ታሪፉ ላይ የጨመረብንን ጭማሪ ግን ሁላችንም እያጉረመረምን ከፈልን።

አጠገቤ የተቀመጠው ባለኮፍያ ሰው ጨዋታ ይወዳል። ቡራዩን ሳንለቅ፣ ዩኒቨርሲቲ ያለ ልጅ ልጠይቅ እየሄድኩ እንደሆነ ጠየቀኝ። አይደለም፣ ዳቦ ቤት ልከፍት ነው አልኩት። ሳቀ። ክፋት ያለበት ሳቅ አልነበረም፤ ያናደደኝም እሱ ነው። በዚህ ዕድሜ ከእሳት ጋር መታገል ምን ያደርጋል እያለ፣ የጆንያውን ክብደት፣ የማለዳውን ብርድ እየቆጠረ እስከ ሆለታ መከረኝ። ሆለታ ስንደርስ እሱስ ወዴት እንደሚሄድ ጠየቅኩት። ከባንክ ሥራው በገዛ ፈቃዱ ለቆ ጉደር አጠገብ የዶሮ እርባታ ጀምሯል። ዕድሜው ሃምሳ አምስት ነው። ጓደኞቹ ሁሉ በድፍረቱ እንደተደነቁ፣ ሚስቱም ወርቋን ሸጣ እንዳገዘችው በኩራት አጫወተኝ።

እሱ ሲጀምር ድፍረት ነው፤ እኔ ስጀምር ቅብጠት። ይህን ፊት ለፊት ስነግረው ኮፍያውን አውልቆ ጭንቅላቱን አከከና ከዚያ በኋላ ስለ አየሩ ብቻ አወራን።

ጊንጪ

ከአዲስ ዓለም በኋላ መንገዱ ግራና ቀኝ ቢጫ ነው። ኑጉ አብቧል፣ ጤፉ ገና እየከበደ ነው፣ ንፋስ ሲመጣ ማሳው ሁሉ ወደ አንድ ጎን ይተኛል። በኦሎንኮሚ በኩል አልፈን ጊንጪ ስንደርስ ሾፌሩ ለሻይ ቆመልን። ከከተማዋ በላይ የጭልሞ ደን ጥቁር ሆኖ ይታያል። ልጅ ሆኜ አባቴ በዚህ በኩል ሲያሳልፈኝ ከዚያ ደን ውስጥ ጉሬዛ ይወጣል እያለ ያስጠብቀኝ ነበር።

የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ገዝቼ ቆሜ ስበላ ስልኬ ጮኸ። ሜሮን ናት። የት እንደደረስኩ ጠየቀችኝና፣ መልሴን ሳታስጨርሰኝ፣ ናታን ከሰዓት በኋላ የሚተኛው በስንት ሰዓት ቢሆን እንደምመርጥ ጠየቀችኝ። ልጄ ስለጉዞዬ አንዲት ጥያቄ አልጠየቀችኝም፤ ቤቱ ምን ይመስላል፣ ጫልቱ እንዴት ናት አላለችም። ምንም እንዳልወሰንኩ ነገርኳት። «እሺ እሺ፣ ስትመጪ» አለች፣ ልጅን በሚያባብሉበት ድምፅ። ስልኩን ዘግቼ የቀረውን ድንች ለአንዲት ውሻ ሰጠሁ።

አምቦ

የተወለድኩት አምቦ ነው። በልደት ወረቀቴ ላይ ግን ሀገረ ሕይወት ይላል፤ የድሮው ስሟ ነው። አዲስ አበባ የገባሁት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነው። ጫልቱ እዚያው ቀረች፤ አስተማሪ አገባች፣ ሁለት ወንዶች ልጆች አሳደገች። ልጆቹ ሥራ ይዘው ሌላ ከተማ ናቸው። ባሏ ታደሰ ለረጅም ጊዜ ታሞ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው።

መናኸሪያው በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «በጋ ነጋን ዱፍቴ!» ብላ እንኳን ደህና መጣሽ አለችኝና ከዚያ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ጊዜ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ እየተሻገረች፣ ሻንጣዬን ነጥቃ ባጃጅ ውስጥ ከተተችኝ።

ጫልቱን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። ሰው ሲቀድማት ታሳልፋለች። በከተማው ውስጥ ግን የእሷን ዳቦ ያልበላ ሰው የለም ብል አላጋነንኩም። የቤተ ክርስቲያናቸው ኮንፈረንስ ሲሆን እሷ ትጋግራለች፣ ሠርግ ሲሆን እሷ ትጠራለች፣ የታመመ ሲጠየቅ የእሷ ዳቦ ይላካል። ይህን ሁሉ ዓመት «እግዚአብሔር ይስጥሽ» ሲሏት ኖራለች። እኔ ስንሳፈፍ ደወለችልኝና «ነይ፣ ከምረቃ ሌላ ነገር የሚያመጣ ዳቦ እንጋግር» አለችኝ። ሐሳቡ የእሷ ነው፤ የሰዎቹን ፊት መቋቋሙ ደግሞ የእኔ ድርሻ እንዲሆን ተስማማን።

ለማየት የሄድንበት ቤት ዋናው መንገድ ዳር፣ ከሁሉቃ ወንዝ ድልድይ ብዙ ሳይርቅ ነው። ሰፊ ነው፤ ከጀርባው ለምድጃ የሚሆን ጓሮ፣ ከፊቱ ተማሪ የሚያልፍበት የእግረኛ መንገድ አለው። ባለቤቱ ኦቦ ገመቹ፣ «ኦቦ» እንደ አቶ ነው፣ ጋቢ ደርበው በር ላይ ተቀበሉን። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጨዋም ናቸው። አምቦ ውሃ አስከፍተው ቀዱልን፣ ስለ ቤተሰብ ጠየቁን፣ ቤቱን ክፍል በክፍል አሳዩን። እኔ ልቤ ምድጃውን ተክሎ ጨርሶ ነበር።

ከዚያ ተቀመጥንና፣ ውሉን የሚፈርመው ማን እንደሆነ ጠየቁ። እኛ ነን አልናቸው። አይ፣ እሱማ ይሁን፣ ወንዱ ማን ነው አሉ። ወንድ እንደሌለ፣ ሥራው የሁለታችን እንደሆነ ነገርኳቸው። ኦቦ ገመቹ በጣም አዘኑልን። ያዘኑልን እውነታቸውን ነው፤ ዓይናቸው ላይ ይታያል። «እናንተ እናቶች ናችሁ» አሉ። «እናት አርፋ ትጦራለች እንጂ በዚህ ዕድሜዋ ዱቄት አትሸከምም። ነገ አንዳችሁ ብትታመሙ እኔን ሰው ምን ይለኛል?»

የምንታመመው እኛ፣ የሚሉት እሳቸውን። ይህን ልናገር አፌን ስከፍት ስልካቸውን አወጡ። ማን ጋ እንደሚደውሉ አልጠረጠርኩም። ድምፁ ክፍሉን እንዲሞላ አድርገው የደወሉት ለኦቦ ቶሎሳ ነው፤ ለጫልቱ ባል ታላቅ ወንድም። በኦሮምኛ፣ የወንድምህ ሚስት እዚህ ቤት ልትከራይ መጥታለች፣ አንተ ታውቃለህ ወይ ብለው ጠየቁት። ጫልቱ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጣለች። ሃምሳ ዓመት የሞላት፣ ሁለት ልጅ አሳድጋ ባል የቀበረች ሴት ፈቃድ ተጠየቀላት፤ ትምህርት ቤት እንደ ቀረች ልጅ።

ከስልኩ ውስጥ የመጣው መልስ አጭር ነበር። ኦቦ ቶሎሳ አያውቅም፣ አይፈቅድምም። «አርፋ ትቀመጥ በልልኝ» አለ።

እኔ ተነሣሁ። ምን እንደምል ባላውቅም ጥሩ ነገር እንደማልል አውቅ ነበር። ጫልቱ ቀሚሴን ያዘችኝ።

«ኦቦ ገመቹ» አለች በዚያ ዝቅተኛ ድምፅዋ፣ «እኔ እዚህ ተቀምጫለሁ። የሚጠይቁት ነገር ካለ ለምን እኔን አልጠየቁኝም?»

ኦቦ ገመቹ ስልኩን አዩ፣ እሷን አዩ። እህቴ ነሽ፣ እኮ ለአንቺ ክብር ብዬ ነው አሉ። ጫልቱ ብርጭቆዋን ጠረጴዛው መሃል በጥንቃቄ አስቀምጣ፣ ስለ ውሃው አመስግና ወጣች። እኔ በሩን ትንሽ ጮክ አድርጌ ዘጋሁት።

ያን ቀን ማታ ከጓዳዋ ተቀምጠን በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ በላን። እኔ ኦቦ ገመቹን እየተራገምኩ፣ ኦቦ ቶሎሳን እየተራገምኩ፣ መዋቅሩንም አብሬ እየተራገምኩ፣ እሷ ጭኮውን እየጨመረችልኝ። በኋላ ላይ፣ ከአምቦ ሁለት ሰዓት እንኳ የማይርቀውን የወንጪን ሐይቅ በሕይወቷ አይታው እንደማታውቅ ነገረችኝ። ታደሰ ተማሪዎቹን ይዞ ስንት ጊዜ ሲሄድ እሷ ስንቅ ትቋጥር ነበር።

ሐሮ ወንጪ

በማግስቱ ወደ ሐሮ ወንጪ ሄድን፤ ሐሮ ሐይቅ ማለት ነው። ጫልቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትቀር በዓመታት ውስጥ የመጀመሪያዋ ነው። ሚኒባሱ ከአምቦ ወደ ደቡብ ሽቅብ ሲወጣ ብርዱ ይጨምራል፤ ጤፉ ይቀርና ገብስና እንሰት ይተካል። መንገዱ አሁን አስፋልት ነው። አዲስ አበባ ድረስ የሚሰማ ሙዚቃ የከፈቱ መኪናዎች እየቀደሙን ያልፋሉ፤ ከመስኮታቸው የሚወረውሩት የፕላስቲክ ጠርሙስ ቦዩን ሞልቶታል። እንደዚህ ያለ አገር ላይ ጠርሙስ የሚጥል ሰው እኔን «አልፎብሻል» የሚለኝ ከሆነ ይበለኝ።

የገደሉ ጫፍ ላይ ከሚኒባሱ ወርደን ሐይቁን ከላይ ስናየው ጫልቱ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከታች፣ በተራሮቹ መሃል፣ ውሃው ሰማያዊ ሆኖ ተኝቷል። ደሴቲቱ ላይ ዛፎቹ ይታያሉ። ቆመን ሳንጠግብ ባለፈረሶች ከበቡን። አንዱ ጎልማሳ ጉልበቴን እያየ፣ ፈረስ ካልያዝኩ እንደማልወጣው በሐዘኔታ ነገረኝ። በእግራችን እንወርዳለን አልነው። ፈረሱን እየሳበ ከኋላ ከኋላችን ወረደ። ለመተንፈስ በቆምን ቁጥር ይጠጋናል፤ እሱ ሲጠጋ እኛ እንነሣለን። ለእሱ ምስጋና ይግባውና ሐይቁ ዳር ያለ ዕረፍት ደረስን።

ጀልባ ላይ ስንወጣ ጫልቱ ክንዴን እንደ ገመድ ያዘችው። ቀዛፊው ቀጭን፣ ፈገግተኛ ሰው ነው። መሃል ስንደርስ ክንዴን ለቀቀችና መቅዘፊያውን እንዲሰጣት ጠየቀችው። «ሃርሜ፣ ይደክምዎታል» አላት፤ እናቴ ማለቱ ነው። እሷ እጇን እንደዘረጋች ቆየች። ሰጣት። ጀልባው ባለበት ዞረ፣ እንደገና ዞረ፤ እኔ ጮህኩ፣ ሰውዬው ሳቀ፣ ጫልቱ ግን ጥርሷን ነክሳ ውሃውን መታችው። ሻርፗ ተንሸራቶ ትከሻዋ ላይ ወድቋል። ትንሽ ቆይቶ ጀልባው ቀና አለና ወደ ፊት ሄደ። ብዙ አልሄደም፤ ግን ሄደ። ሰውዬውም መሳቁን ትቶ፣ ቀኝ እጇን ከፍ እንድታደርግ በቁም ነገር ያሳያት ጀመር።

ሽቅቡን ስንመለስ ልቤ በአፌ ሊወጣ ደርሶ ነበር። ረሃቡም ነበረበት። መንገዱ ዳር ግድግዳዋ ላይ ሰፊ መስኮት የተቀደደባት አንዲት የጭቃ ቤት አየን። በመስኮቱ ደፍ ላይ ድንች፣ ቆጮ፣ በጎመን የተሸፈነ አይብና ማር ተደርድሯል። ከውስጥ አንዲት ሴት አንገቷን ብቅ አድርጋ ጠራችን። አደ ድንቄ ትባላለች፣ አደ እንደ ወይዘሮ ነው፤ ከእኛ ትንሽ ትበልጣለች። ደፉ ላይ ተደግፈን በላን።

ይህ ቤት ምን እንደነበር ጫልቱ ጠየቀቻት። አደ ድንቄ በኦሮምኛ አጫወተችን። መኝታ ቤቷ ነበር። ባሏ ሲሞት አልጋው ለብቻዋ በዛባት። መንገዱ ሲሠራ መኪናው በደጇ ያልፍ ጀመር። አንድ ቀን መጋዝና ዶማ ይዛ ግድግዳውን ቀደደችው። ጎረቤቱ ሳቀባት፣ ንፋስ ይገባብሻል አላት። «ንፋሱም ገባ» አለችን ትከሻዋን እየነቀነቀች፣ «ሰውም ገባ።» ከእነሱ መንደር የጎደለው ዳቦ እንደሆነም ነገረችን፤ እንግዳው ሁሉ ከአምቦ ገዝቶ ይዞ ነው የሚመጣው፣ እሷም ብታገኝ ትሸጥ ነበር።

ጫልቱ መብላቷን አቆመች። መስኮቱን ታይ ነበር፤ የተቆረጠውን እንጨት፣ ጭቃው የተመረገበትን ጠርዝ በጣቷ ነካካችው። ምን እንደምታስብ ጠየቅኳት። እቤት እንሂድ አለችኝ።

እንደገና አምቦ

የጫልቱ ቤት በር መንገድ ላይ ነው። የፊት ለፊቱ ክፍል ሳሎን ነው፤ እንደ ብዙዎቻችን ሳሎን ሰው የማይቀመጥበት። ዳንቴል የለበሱ ሶፋዎች፣ ማንም የማይጠጣበት ብርጭቆ የሞላ ቁም ሳጥን፣ በመጋረጃ የተጋረደ መስኮት። ቤተሰቡ የሚኖረው ከኋላ ጓዳው ውስጥ ነው። ጫልቱም ባሏ ከሞተ ጀምሮ በሳምንት አንድ ጊዜ አቧራውን ለመጥረግ ብቻ ነው የምትገባበት።

ሰኞ ጠዋት ስነሣ ሳሎኑ ተከፍቷል። ጫልቱ መጋረጃውን አውርዳ ዳንቴሎቹን እያጠፈች ነው። «ይህ ክፍል ለማን ነው የተቀመጠው?» አለችኝ። መልስ አልጠበቀችም። በአንድ በኩል እሷ፣ በሌላው እኔ ይዘን ሶፋዎቹን አንድ በአንድ ወደ ግቢው አወጣን። ወገቤ ተንቋቋ። ባዶውን ክፍል መሃሉ ላይ ቆመን ስናየው ከኦቦ ገመቹ ቤት አይተናነስም። ግንበኛ ጎረቤቷን ጠርታ መስኮቱ እስከ ታች ተቀዶ በር እንዲሆን አሳየችው። ሰውዬው በጠመኔ እያሰመረ ሳለ የግቢው በር ተንኳኳ።

ኦቦ ቶሎሳ ነው። ረጅም ሰው ነው፤ ጃንጥላ እንደ ከዘራ ይይዛል። ሰላምታ ሰጠን፣ ሶፋዎቹን ፀሐይ ላይ አያቸው፣ ከዚያ የተሰመረውን ግድግዳ አየ። ድምፁን አላነሳም። ይህ የወንድሙ ሳሎን እንደሆነ፣ የታደሰ ስም ያለበት ቤት ሱቅ እንደማይሆን፣ ሰው መጥቶ የሚቀመጥበት ቦታ ማጣት ለቤተሰቡ ውርደት እንደሆነ ተናገረ። እኔን እያየ ደግሞ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሐሳብ ሁሉ ጥሩ እንዳልሆነ አከለ።

ደሜ ፈላ። ጫልቱ ግን ከእኔ ቀደመች።

«ወንድምዎ እዚያ ረጅሙ ሶፋ ላይ ሁለት ክረምት ተኝቷል» አለችው በእጇ እያሳየች። «እኔ አነሣሁት፣ እኔ አጠብኩት። ያኔ የወንድሜ ሳሎን ነው ብለው አንድ ቀን እንኳ አላደሩለትም። አሁን ሳሎኑ ነው የታሰበዎት?»

ግንበኛው ጠመኔውን ይዞ ወደ ጓሮ ዞረ። ኦቦ ቶሎሳ ሶፋው ላይ፣ ያው ረጅሙ ላይ፣ ፀሐይ ውስጥ ተቀመጠ። አዘንኩለት ማለት አልችልም፤ የነበረኝ ንዴት ግን መሄጃ አጣ። ጫልቱ ውሃ አመጣችለት፣ ጠጣ። ተነሥቶ ሽማግሌ ይዞ እንደሚመጣ ነገራት።

«ይምጡ» አለችው። «መቀመጫው እንደሚያዩት ውጭ ነው።»

በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ሄደ። ጫልቱ የጠጣበትን ብርጭቆ አነሣች። ግንበኛውን ጠራችና «ቀጥል» አለችው። የመጀመሪያው ጡብ ሲወድቅ ከመንገዱ ብርሃን ገባ፤ የሚያልፉ ተማሪዎች ቆም ብለው ወደ ውስጥ አዩን።

ሽማግሌዎቹ እኔ ከሄድኩ በኋላ መጡ። ሦስት ናቸው። የጫልቱን ዳቦ በልተው፣ ነገሩን በጸሎት እንድታስብበት መክረዋት ሄዱ። አስባበት እንደነበር ነገረቻቸው።

አዲስ አበባ

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ተሳፍሬ ሲመሽ ቤቴ ደረስኩ። ደክሞኝ ነበር፤ ጉልበቴም የወንጪን ሽቅብ አልረሳውም። በሩን ስከፍት መብራቱ በርቷል። ሜሮን በእሷ ዘንድ ባለው ቁልፍ ገብታለች። ከክፍሌ መሃል የናታን አልጋ ተተክሏል። የልብስ ስፌት መኪናዬ ማዕዘን ተገፍቶ ዳይፐርና መጫወቻ ተከምሮበታል። ልጄ እንደ ትልቅ ስጦታ በሁለት እጇ ወደ አልጋው አመለከተችኝ።

የናታንን ሞግዚት ዓርብ ዕለት አሰናብተዋታል። እኔ ገና ጊንጪ ሳልደርስ፣ ገና አስኮ ሳልሄድ ማለት ነው። ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አምጥተውልኝ ማታ ማታ ይወስዱታል። ማን ጠይቆኝ እንደሆነ ጠየቅኳት። «እማዬ፣ ሥራ የለሽም ብለን ነዋ» አለችኝ፤ ምንም ክፋት ሳይታይባት።

ናታን እየሮጠ መጥቶ ጉልበቴ ላይ ወጣ። አቀፍኩት። ይህን የምጽፈው ልጁን እንደማልወደው እንዳይመስላችሁ ነው፤ ሲተኛ የፀጉሩ ሽታ የሚናፍቀኝ ልጅ ነው። እሱን ታቅፌ ነው ለእናቱ የነገርኳት፦ «ናታን የልጅ ልጄ ነው። መሥሪያ ቤቴ አይደለም። ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ አምቦ ነው የምኖረው።»

አለቀሰች። ራስ ወዳድ አለችኝ። የሌሎች እናቶች እንዲህ እንደማያደርጉ ነገረችኝ። ሞግዚቷን መልሰው ጠሯት፤ እሷ ግን ፀጉር ቤት ገብታ ሙያ እየተማረች ነበርና አልመጣም አለች። ሜሮን ይህን በስልክ ስትነግረኝ በልጅቷ በጣም ተናዳ ነበር። ሳቄን ለመያዝ ከንፈሬን ነከስኩ። በመጨረሻ ከሥራ ቦታዋ አጠገብ የሕፃናት ማዋያ አገኙለት። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ናታን አለቀሰ፤ ከዚያ ለመሄድ ጫማውን ራሱ የሚያመጣ ሆነ። እኔና እናቱ ግን ለጥቂት ሳምንታት ስለ እሱ ብቻ ነው የተነጋገርነው።

በሦስት ቀን ጉዞ ምን ተማርሽ ብትሉኝ፣ ንዴቴን መፍራት እንደሌለብኝ ተማርኩ። ከቤት የወጣሁት በንዴት ነው፤ በንዴትም ነው የወንጪን ገደል የወጣሁት። ሌላው ደግሞ ይህ ነው፦ እረፊ የሚለን ሰው ሁሉ በሌላ እጁ ሥራ ይዞልን ይመጣል። ሜሮን ልጅ ይዛልኛለች፤ ኦቦ ቶሎሳ ሳሎን ያስጠብቃል፤ መሥሪያ ቤቱ ወንበሬን ለሌላ ሰው ይፈልገዋል። ያረፍነው ለእነሱ ነው እንጂ ለእኛ አይደለም። እኔ ደክሞኛል፤ ሐሰት አልናገርም። ነገር ግን የምደክምበትን መምረጥ እፈልጋለሁ፤ እስከ ዛሬ መርጬ አላውቅምና።

ዕቃዬን ጠቅልዬ የምሄድበት ጠዋት፣ ታክሲው በር ላይ ቆሞ ሳለ ሜሮን መጣች። ከሥራ አስፈቅዳ ነው። ሳታናግረኝ አንዱን ሻንጣ አንሥታ ከኋላ ጫነችው። አቀፈችኝና ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችኝም። ከዚያ የሆነ ነገር ትዝ እንዳላት ቀና ብላ አየችኝ።

«እማዬ፣ ግን ዳቦ መጋገር ትችያለሽ እንዴ?»

«አልችልም» አልኳት። «ልማር ነው የምሄደው።»